ወንዙ የረጋበት ዓመት

የላምባ ሽታ ሲሸተኝ እጄ ሳላዘው ወደ መስኮት ይሄዳል። ባለፈው ኅዳር አናንዴል ውስጥ አንድ የዕቃ መሸጫ ገብቼ ነበር። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ኋላ የላምባ ምድጃ ለኩሶ እጁን ያሞቃል። የፈለግሁትን ሳልገዛ ወጣሁ። ደጅ ቆሜ አየር ስስብ እማዬ፣ አባዬ፣ ሚስ ዶራ፣ ከእግራችን ስር የሚጮኸው በረዶ፣ ሁሉም ተግተልትለው መጡ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ሊያልቁ ነው፤ እኔና እማዬ አሜሪካ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ የእማዬ የቤተ ክርስቲያን እህት አፓርታማ ውስጥ፣ ከአባዬ ጋር ሦስታችን ሳሎን መሬት ላይ እንተኛለን። እትዬ በላይነሽ ደግ ሴት ናቸው። ግን ሳሎኑ የሁሉም መተላለፊያ ነበር፤ ልጆቻቸው ወደ ኩሽና ሲያልፉ ይረግጡናል። እማዬ ልብስ ለመቀየር መታጠቢያ ቤቱ እስኪለቀቅ ትጠብቃለች። "ቤቱ ቀርቶብኝ የራሴ በር ብቻ ይኑረኝ" ትል ነበር።

አባቴ አስፋው የባሕር ኃይል ሰው ነበር። ልጅነቱም ወታደርነቱም ምፅዋ ነው። መርከቡ አንድ የውጭ አገር ወደብ ላይ የቆመች ቀን ወረደ፤ ስትነሳ አልተሳፈረም። ስለዚያ ቀን አይናገርም። እዚህ በሥራ ቀን ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ወርዶ የሰዎችን ጀልባ እየፋቀ ቀለም ይቀባል። እዚያ ነው ሚስተር ሃሪስን ያገኘው። ሽማግሌው በብርድ ወራት ፍሎሪዳ ስለሚሄዱ፣ ጀልባቸው ውስጥ እየኖረ ቧንቧው እንዳይፈነዳ፣ በረዶም እንዳይጎዳት የሚጠብቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። አባዬ እማዬን ሳይጠይቅ እሺ አለ።

"በር አላት?" አለች እማዬ ሲነግራት።

"በርም መስኮትም አላት። አልጋ አላት። ምድጃ አላት።"

"መሬትስ?"

አባዬ ሳቀ። "መሬት አንድ እርምጃ ነው፣ ውቤ። ወደ ዶኩ፣ ጀልባዋ ወደምትታሰርበት የሳንቃ መድረክ፣ ዘለል ማለት ነው።"

እማዬ አልሳቀችም። ግን በሩን አሰበችው መሰለኝ፤ ሄድን።

ጀልባዋ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ነበረች። ውስጧ እርጥብ ሳንቃ፣ ናፍጣና የቆየ ሲጋራ ይሸታል። አባዬ ጣሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ ሲሄድ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎን ውስጥ ትከሻውን ሰብስቦ የሚቀመጠው ሰውዬ አይደለም። ገመዱን ሲያስር ያፏጫል። እማዬ ደግሞ ከገባንበት ቀን አንስቶ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው። ወንዝ ከሚያሳየው መስኮት በኩል ተቀምጣ አታውቅም፤ ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ዶኩ ነው።

ከጀልባዋ ሆድ ስር አንድ ትንሽ ሞተር ነበረች። ውሃውን ከታች እያናወጠች ወደ ላይ ትገፋለች፤ በጀልባዋ ዙሪያ በረዶ እንዳይሠራ ነው። አባዬ "ውሃውን ታንተከትከዋለች" አለኝ። እኔ የሚንተከተክ ነገር የማውቀው ድስት ላይ ነው። ስለዚህ ከአልጋዬ ስር የፈላ ውሃ አለ ብዬ አመንኩ፤ እግሬን አጥፌ እተኛለሁ። ሞተሯ በኤሌክትሪክ ነበር የምትሠራው፤ ከዶኩ በወፍራም ገመድ የሚመጣ ኤሌክትሪክ። ምድጃችንም መብራታችንም ያው ገመድ ነው። አባዬ በየቀኑ ይዳብሰዋል።

ከገና በኋላ ወንዙ ከዳሩ ጀምሮ መርጋት ጀመረ፤ እንደ ቅቤ። አንድ ቀን አባዬ ከዶኩ ላይ ቆሞ ሲያየው ቆየና ለእማዬ፣ "ሞተሯ ካቆመች በረዶው ይይዘናል። ከያዘን ደግሞ አይለቅም" አላት።

"ይይዘናል" የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። አጎቴን የያዙት እኔ እያየሁ ነው፤ አዲስ አበባ፣ በቀን፣ ካኪ የለበሱ ሰዎች። "ያዙት" ነበር የተባለው፤ አለቀቁትም። ስለዚህ በረዶውም ሰው ፍለጋ የሚመጣ መሰለኝ። ከጎናችን ክው፣ ጓ፣ ሲል፣ በር የሚደበድቡ ሰዎች ናቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማውራት ጀመርኩ። እማዬም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። ምን እንደምትፈራ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

በዚህ ላይ ሚስ ዶራ መጣች። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ጀልባ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር ትልቅ ሴት ናት፤ የወንድ ካፖርት የምትለብስ፣ ሲጋራ ከአፏ የማይጠፋ። አባዬ ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ ይሄዳል። እሱ ከሄደ በኋላ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሴ ሳይመጣ፣ ሚስ ዶራ በመጥረጊያ እንጨት የጀልባችንን ጎን ትመታለች። ኳ! ኳ! ኳ! ከዚያ ዝም ብላ ትቆማለች።

"ልታስወጣን ነው" ትላለች እማዬ በሹክሹክታ። "ጥቁር ስለሆንን ነው። እንዳትናገሪ።"

ትንፋሻችንን ውጠን እንቆያለን። ሴትዮዋ አትሄድም። በመጨረሻ እማዬ የመጋረጃውን ጫፍ ገለጥ ታደርጋለች፤ ሚስ ዶራ ያንን እንዳየች ዞር ብላ ትሄዳለች።

"አየሽ? ስናያት አፍራ ሄደች" ትለኛለች እማዬ።

ለአባዬ አልነገረችውም። ከሴትዮዋ ጋር ቢጣላ ከጀልባዋም እንባረራለን ብላ ነው።

አባዬ ደግሞ ብርዱን ለመከላከል ያልሠራው የለም። መስኮቶቹን በላስቲክ ሸፈነ፤ ጠርዙን በፕላስተር ለጠፈ፤ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፈ። ጣሪያው ላይ አንዲት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ብቻ ተወ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ኤሌክትሪክ ቢጠፋ ብሎ የላምባ ምድጃ ይዞ መጣ። አዲስ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ።

እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ አየችው። "ይሄ ነገር እንደ ከሰል ሰው አይገድልም?"

"ምን ነካሽ? ይሄ የአሜሪካ ነው። ጭስ እንኳ የለው።"

"ከሰልም እኮ ሲግም ጭስ የለውም፣ አስፌ።"

"ውቤ፣ እኔ መርከብ ላይ ነው ያደግሁት።"

እሷም ተወችው።

ስኖው፣ ያ እንደ ጥጥ የሚወርደው፣ መውረድ የጀመረው ሐሙስ ነው። እማዬ ለስኖውም ለበረዶም አንድ ቃል ብቻ ነበራት፤ "በረዶው መጣ" ስትል የትኛው እንደሆነ ወጥቼ አያለሁ። ያን ቀን ሁለቱም ነበሩ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። አባዬ ክሪስታል ሲቲ ሳለ አውቶቡስ ቆመ፤ ባቡሩም ቆመ፤ ሳይመጣ አደረ። እኔና እማዬ በኤሌክትሪኩ ምድጃ ተቃቅፈን አደርን። ጠዋት እማዬ ሻይ ልታፈላ ስትነሳ መብራቱ እልም አለ። ወዲያው ከስራችን ያለው መንተክተክ ቆመ።

እንዲህ ዓይነት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በረዶው ሲጠጋ ሰማነው፤ ቀስ እያለ፣ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው።

እማዬ የላምባ ምድጃውን ለኮሰች። ክብሪቱ ብዙ ጊዜ ጠፋባት። ከለኮሰች በኋላ ቤቱ ቶሎ ሞቀ። ጣሪያው ላይ ያለችውን ቀዳዳ ስኖው እንደደፈናት አላወቅንም፤ ከውስጥ አትታይም።

እማዬ ብርድ ልብስ አልብሳኝ አጠገቤ ተቀመጠች። መዝሙር በለሆሳስ ትዘምራለች። "ራሴን አመመኝ" አለች መሃል ላይ። እኔንም ያመኝ ነበር። ቀጥሎ ግን ሕመሙም ብርዱም ራቀኝ። ሰውነቴ ከበደኝ፤ ደስ የሚል ክብደት። በረዶው ይጮሃል፤ እኔ ግን ምንም አልመሰለኝ። እዚያች ጀልባ ውስጥ ከገባን ጀምሮ ሳልፈራ የቆየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የእማዬ ከንፈር መንቀሳቀሱን አቆመ። ተኛች፣ አልኩ በልቤ፤ ትተኛ፣ ደክሟታል።

ኳ! ኳ! ኳ!

ሰማሁት። መጋረጃውን መግለጥ እንዳለብኝም አውቃለሁ። እጄ ግን የእኔ አልነበረም። ትሄዳለች፣ አልኩ።

ኳ! ኳ! ኳ! ኳ!

ከዚያ እንጨት ሲሰበር፣ ብርሃን ፊቴ ላይ ሲወድቅ፣ የወንድ ካፖርት ሲሸፍነኝ ነው የማስታውሰው። ስባኝ ስትወጣ ቀይ የአንገት ሹራቤ ወልቆ በረዶው ላይ ወደቀ። ቅዝቃዜው እንደ ጥፊ አጮለኝ፤ ዶኩ ላይ አስመለሰኝ። ዞሬ ሳይ ሚስ ዶራ እየሳለች እማዬን ከብብቷ ይዛ በደረጃው ስትጎትት ነበር። መልሳ ገባችና ገና እየነደደ ያለውን ምድጃ አንጠልጥላ ወጣች፤ ወንዙ ላይ ወረወረችው። በረዶው ተሰንጥቆ ዋጠው። የጀልባ ማቆሚያው ዘበኛ በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን፤ ሚስ ዶራ ከኋላ ሆና እማዬን በጥፊ እየመታች "ስቴይ ዊዝ ሚ፣ ሃኒ!"፣ አትሂጂብኝ፣ ትላታለች። እየደበደበቻት መሰለኝ። "ሊቭ ኸር አሎን!"፣ ተያት፣ ብዬ ጮህኩ፤ በእንግሊዝኛ ትልቅ ሰው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው።

አባዬ የደረሰው እኛ ከሄድን በኋላ ነው። ከክሪስታል ሲቲ ጀምሮ በዚያ ስኖው በእግሩ መጣ፤ ጫማው ላይ ፌስታል አስሮ። ይሄን የነገረኝ ዘበኛው ነው፣ በኋላ። አባዬ ሲደርስ በሩ ተሰብሯል፤ ውስጥ ሰው የለም። በረዶው ላይ ጥቁር ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው አጠገብ የእኔ ቀይ ሹራብ።

በደረቱ ተኝቶ በረዶው ላይ ተሳበ። ክንዱን እስከ ትከሻው ውሃው ውስጥ ከትቶ ይፈልገን ጀመር። ዘበኛው ከሆስፒታል ተመልሶ አየው፤ "በሕይወት አሉ! ሆስፒታል ናቸው!" ብሎ ከዶኩ ላይ ጮኸ። አባዬ እንግሊዝኛ ጠፍቶበት ነበር። ሰውዬው ውጣ እያለው መሰለው፤ አልወጣም። ዘበኛው ገመድ ወርውሮ፣ ጎትቶ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ደጋግሞ ከነገረው በኋላ ነው ነገሩ የገባው።

ሆስፒታል ሲገባ የኮቱ እጅጌ እንጨት ሆኖ ነበር፤ የአልጋዬን ብረት ሲነካ ይንኳኳል። ክንዱ በረዶ የሆነ መስሎኝ አለቀስኩ። እማዬ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ኦክስጅን ተደርጎላት ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ አባዬ ከጎኗ ተንበረከከ።

"ውቤ..."

ጭንብሉን ከአፏ አነሳችና፣ "የአሜሪካ ነው አልከኝ" አለችው። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሳምንት አላናገረችውም።

ሚስ ዶራ በማግሥቱ መጣች። እማዬ እጇን ልትስም ስትል ሚስ ዶራ ደንግጣ እጇን ሸሸገች። "ለምን ነበር በየቀኑ የምትመቺን? በያት" አለችኝ እማዬ። ጠየቅኋት።

"በብርድ ወራት ውሃ ላይ የሚኖር ሰው ጎረቤቱን ያንኳኳል" አለች ሚስ ዶራ። "መልስ ካለ ደህና ነው። እናንተ መልስ አትሰጡም፤ ግን መጋረጃው ይነቃነቃል። ያን ቀን አልተነቃነቀም።"

ተረጎምኩላት። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እኔና እማዬ ወደ እትዬ በላይነሽ ሳሎን ተመለስን። አባዬ ግን ከእኛ ጋር አልቀረም። አምጥቶን፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ኮቱን ለበሰ።

"ወዴት ነው?" አሉ እትዬ በላይነሽ።

"ወደ ጀልባዋ። ለሰውዬው እስከ ፀደይ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ፣ እትዬ።"

"ሚስትህ ከሞት ተርፋ! ምን ዓይነት ቃል ነው?"

እማዬ ኩሽና ውስጥ ናት፤ የውሃው ድምፅ ቆመ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ነኝ።

"አንድ መርከብ ጥዬ ወርጃለሁ፣ እትዬ" አለ አባዬ። "ጓደኞቼን እላይዋ ትቼ። ማን እንደ ቀረ፣ ማን እንደ ሞተ አላውቅም። ይቺንም ጥዬ ከወረድኩ እኔ ምንድነኝ?"

አባዬ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጭንቀት ከጀልባው ይብሳል። ሳሎኑ ይሞቃል፤ መሬቱ አይነቃነቅም፤ እኔ ግን ትምህርት ቤት ተቀምጬ አባዬን በረዶው ሲይዘው አያለሁ። ማታ ማታ ከዘበኛው ክፍል ይደውላል። ስልኩን እኔ ነኝ የማነሳው። እማዬ አጠገቤ ትቆማለች።

"ካልሲው ደርቋል ወይ በይው።"

"አባዬ፣ ካልሲህ ደርቋል?"

"ደርቋል በያት።"

"ምድጃ እንዳይነካ በይው።"

"አልነካም በያት። ኤሌክትሪኩ መጥቷል። ሚስ ዶራ ታንኳኳለች፣ እኔም እመልሳለሁ በያት።"

እትዬ በላይነሽ አንድ ቀን አላስችል አላቸው። "ውብዓለም፣ ባልሽ እኮ ነው።"

"እኔ ምን አልኩ፣ እትዬ?"

"ምንም አላልሽም። ችግሩስ እሱ አይደል?"

የካቲት ሲጋመስ ብርዱ ድንገት ለቀቀ። ጣሪያዎች ይንጠባጠባሉ፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። ለእኔም ጭንቀቱ ያለቀ መሰለኝ። የዚያን ዕለት ማታ ስልኩ አልጮኸም። ራት ቀረበ፤ እማዬ አልበላችም። ጠዋት ስነሳ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ደርባ በሩ ጋ ቆማለች። እትዬ በላይነሽ ሳትጠይቃቸው የመኪና ቁልፋቸውን አነሱ።

አሌክሳንድሪያ ስንደርስ ወንዙ ተሰባብሮ ነበር። ገበታ የሚያክል በረዶ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ ይወርዳል፤ በመጣ ቁጥር ዶኩ ይንገጫገጫል። የጀልባችን አፍንጫ ወደ ውሃው አዘንብሏል። አንዱ የበረዶ ገበታ ሳንቃዋን ሰንጥቋት ነበር። አባዬ ውስጥ ሆኖ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ በባልዲ እየቀዳ ለሚስ ዶራ ያቀብላል፤ እሷ ትደፋለች። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ እንዲህ ናቸው። የሚስ ዶራ ጓንት ተቀዶ ጣቷ ይደማል።

እማዬ ዶኩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቦርሳዋን ለእትዬ በላይነሽ ሰጠችና ዘለል አለች።

"ውቤ! ውጪ! ውሃው ይገድልሻል!" አለ አባዬ።

ከሚስ ዶራ እጅ ባልዲውን ወሰደች። አባዬ አያት፤ እሷ ባልዲውን ብቻ ነው የምታየው። ቀዳ፤ ተቀበለች፤ ደፋች። እትዬ በላይነሽ እኔን በካፖርታቸው አቅፈው "ኢየሱስ፣ ኢየሱስ፣ ኢየሱስ" ይላሉ። እኔ መጸለይም አልቻልኩ። እያንዳንዱ የበረዶ ገበታ ሲመጣ እነሱን የሚወስድ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ዘበኛው የጠራቸው ሠራተኞች ትልቅ ፓምፕ ይዘው መጡ። በረዶው ትንሽ ፈቀቅ ሲል ጀልባዋን ስበው በክሬን አነሷት። አየር ላይ ተንጠልጥላ ከስንጥቋ ውሃ ሲፈስ አባዬ ስሯ ቆሞ፣ እየፈሰሰበት፣ ስንጥቁን በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ወደ ዘበኛው ክፍል ገብቶ ፍሎሪዳ ደወለ። ስልኩን ይዞ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፤ ለአለቃው ሪፖርት እንደሚያቀርብ ወታደር። እኔና እማዬ በሩ ላይ ነን። እንግሊዝኛውን እሰማለሁ፦ ጀልባዋ ተሰንጥቃለች፣ ግን ድናለች፤ ሚስቴና ልጄም ታመው ነበር፣ ድነዋል።

የሚስተር ሃሪስ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ እኛ ጋ ደረሰ። ይጮሁ ነበር። ስልኩን ሲያስቀምጥ እጁ ላዩ ላይ ቀረ።

"ምን አለህ?" ብዬ ጠየቅሁት፤ የተቆጡት መስሎኛል።

"ቤተሰብህን ይዘህ ለምን አልወጣህም አለኝ" አለ አባዬ። "እንጨት እኮ ነው አለኝ።" እንደገና ለራሱ፣ "እንጨት ነው..." አለ። የዘበኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

እማዬ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

"እህል ቀምሰሃል?" አለችው።

አባዬ አልቀመስኩም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

"ተነስ እንግዲህ" አለች፤ ልጅ መንገድ እንደሚያሻግር ሰው እጅጌውን ያዘች።